የ12ኛ ክፍሉ ውድቀት የሚጀምረው አንደኛ ክፍል ነው

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ጠያቂው ሐይቁ ዳር ዓሣ እየሸጡ ሦስት ልጆች የሚያስተምሩ አባት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «ትልቁ ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ 50 በመቶ አልሞላለትም። አሁን ሪሜዲያል (ነጥብ ላልሞላላቸው የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ማካካሻ ትምህርት) ተመድቧል። ሁለተኛዋ 7ኛ ክፍል፣ ትንሹ 2ኛ ክፍል ናቸው። የትምህርት ሥርዓቱ እየተለወጠ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያየሁት ፈተና ሲከብድ ብቻ ነው። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ይለይ ስለነበር ልጅ በጊዜ መንገዱን ያውቅ ነበር። እሱ ቢመለስ አይሻልም? ትንሹንስ ተበድሬም ቢሆን የግል ትምህርት ቤት ላስገባው? ትልቁ ሪሜዲያሉን ካላለፈ ቴክኒክና ሙያ ገባ ማለት ሕይወቱ ተበላሸ ማለት አይደለም ወይ?»

ከፈተናው ልጀምር። እርስዎ ዓሣ ይመዝናሉ። ሚዛኑ ትንሽ ቁጥር ቢያሳይ ሚዛን በመቀየር ዓሣው አይከብድም። የቀድሞው ፈተና ግን ሚዛኑ ራሱ የተበላሸ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ፣ ተሰርዞ፣ ሐምሌ ላይ እንደ አዲስ መሰጠቱን ያስታውሱ ይሆናል። ከዚያ በኋላም ኩረጃው አልቆመም። ነገሩ ሲብስ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲፈተኑ ተደረገ። ጥር 2015 ላይ ውጤቱ ሲወጣ አገር ደነገጠ። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 ይበልጡ ነበር።

ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ ሲወድቅ ስንፍና ነው ማለት አይቻልም። አንድ ትውልድ በሙሉ በአንዴ አይሰንፍም። ልጅዎን በዚህ እንዳይወቅሱት አደራ እላለሁ። 12 ዓመት ሙሉ «አልፈሃል» እየተባለ ነው እዚህ የደረሰው።

የ10ኛ ክፍሉ ፈተና ቢመለስ የሚለውን ሐሳብ ከብዙ ወላጅ እሰማለሁ። አልስማማበትም። ያ ፈተና በ1986 ዓ.ም. ከወጣው ፖሊሲ ጋር የመጣ ነበር። ነጥብ የመጣለት መሰናዶ ይገባል፣ ያልመጣለት ወደ ሙያ ሥልጠና ወይም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፈተናው ይለይ ነበር እንጂ የሚጠግነው ነገር አልነበረም። ያኔ ከ10ኛ ክፍል የቀሩት ልጆች ዛሬ 12ኛ ክፍል ላይ ከሚወድቁት የተለዩ አይደሉም። ሁለት ዓመት ቀድመው ከዓይናችን ራቁ፣ እኛም ችግሩ የለም ብለን ተኛን። በመሃል ማጣሪያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ያስፈልጋል፤ ግን የሚያስፈልገው 3ኛ ክፍል ላይ ነው። ዓላማውም ልጁን ለመጣል ሳይሆን ማንበብ አለመቻሉን አውቆ ወዲያው ለመርዳት መሆን አለበት።

አንድም ክፍል ሳይደግም 2014 ዓ.ም. ላይ 12ኛ የደረሰ ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ ልጅ አይወድቅም ነበር፣ በራሱ ያልፋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ልጅ ሰባት ዓመቱ ላይ «ወደቅክ» ሲባል ትምህርት ቤት ይጠላል። በፈተና ፈንታ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በየዕለቱ እንዲከታተል ታስቦ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ 60 እና 70 ልጅ ሲጨናነቅ ግን ክትትሉ ወረቀት ላይ ቀረ። ማለፉ ብቻ ቀጠለ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐይቁ ማዶ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ሥራዬ መምህራን ማሰልጠን ስለሆነ ክፍል ገብቼ ከኋላ መቀመጥ እወዳለሁ። አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ ተነስቶ ከአማርኛ መጽሐፉ አንድ ገጽ ጥርት አድርጎ አነበበ። ልጆቹ አጨበጨቡለት። ጠጋ ብዬ ከገጹ መሃል አንድ ቃል በጣቴ አሳየሁትና «ይችስ?» አልኩት። ዝም አለ። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ በቃሉ እያነበነበ፣ እዚያች ቃል ላይ እስኪደርስ እየቆጠረ ነበር። በመጨረሻ «ታንኳ» አለኝ። ልክ ነው። ግን አላነበባትም። ገጹን በሙሉ ሸምድዶታል። እንዲህ ዓይነት የማስታወስ ኃይል ያለውን ልጅ ማንበብ ሳናስተምረው 4ኛ ክፍል ልናስገባው ነበር። ያቺ ከንፈሩ ዛሬም ከፊቴ አትጠፋም።

ይህን ችግር አባቶቻችን ያውቁት ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ መጀመሪያ «ሀ ሁ ሂ» ይላል። 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ በዜማ ሲደጋገም ማንም ልጅ ይይዘዋል። የኔታ ግን በዚህ አያልፉትም። ቀጥሎ አቡጊዳ አለ። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለ ፊደሉን ከነዘሩ ያዘበራርቀዋል። በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ አቡጊዳ ላይ ይያዛል። ከዚያ የንባብ መጻሕፍቱ ይመጣሉ፦ መጀመሪያ ሐዋርያ፣ ቀጥሎ ዳዊት። ልጁ አንዱን ሳይዝ ወደ ሌላው አይሄድም፣ እያንዳንዱም ለብቻው ይሰማል። በጣና ደሴቶችና በዙሪያው ባሉ አድባራት ይህ ዛሬም አለ። ቄስ ትምህርት ቤት ጉድለት አልነበረበትም አልልም፤ የሚነበበው ግዕዝ ስለሆነ ልጁ የሚያነበውን ላይረዳው ይችላል። አንድ ነገር ግን በትክክል ይዟል። ማንበቡ ሳይረጋገጥ ልጅ አያሳልፍም። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን የጣለው ይህንን ነው። የዓለም ባንክ ባወጣው መለኪያ መሠረት በኢትዮጵያ 10 ዓመት ከሞላቸው 10 ልጆች 9 ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም።

እንዲህ ሆኖ ያደገ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሁለተኛ ግድግዳ ይገጥመዋል። ከዚያ ጀምሮ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አንብቦ መረዳት ያልለመደ ልጅ በእንግሊዝኛ ከየት ያመጣዋል? መምህሩ በአማርኛ ያስረዳል፣ ኖቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ልጁ ኖቱን ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል። ፈተናው ግን ከኖቱ ቃል በቃል አይመጣም። ብዙ ልጅ ጥያቄውን ሳይረዳው ነው የሚያጠቁረው። ፊዚክስ ላይ የወደቀ የሚመስለን ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ንባብ ላይ ነው የወደቀው።

አሁን ወደ ለውጡ። እርስዎ «ፈተና ሲከብድ ብቻ ነው ያየሁት» ብለዋል። የተሠራው ከዚያ ይበልጣል። እስከ 2022 ዓ.ም. የሚደርስ የትምህርት ፍኖተ ካርታ ወጥቷል። በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት) ተመልሶ የዲግሪ ትምህርት አራት ዓመት ሆነ። የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀረ። አንደኛ ደረጃ እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ተባለ። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ወጣ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጸደቀ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ተጀመረና ትምህርታቸውን ጨርሰው ከተፈተኑት ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲዎች በምርምር፣ በአፕላይድና በአጠቃላይ ተከፋፈሉ፤ የእኛው ባሕር ዳር ከምርምሮቹ አንዱ ነው።

አብዛኛውን እደግፈዋለሁ። ፈተናው ንጹህ መሆኑን፣ ፍሬሽማን መመለሱን፣ የመውጫ ፈተና መምጣቱን እደግፋለሁ። ቅር የሚለኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ሥራው የተጀመረው ከላይ ነው። ከላይ መጀመር ቀላል ነው፤ ፈተና በአንድ መመሪያ ይለወጣል፣ ዩኒቨርሲቲዎችም 50 አይሞሉም። አንደኛ ክፍል ግን በየቀበሌው፣ በየጎጡ ነው። እዚያ በደብዳቤ የሚለወጥ ነገር የለም። እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ማንበብ ማስተማር የሚያውቅ ሰው ማቆም ይጠይቃል።

መምህሩን ሳይዝ የመጣ ለውጥ እዚህ አገር ተሳክቶ አያውቅም። በ1963 እና 1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የሚባል ትልቅ ጥናት ተጠንቶ ነበር። ውስጡ ጥሩ ጥሩ ሐሳብ ነበረበት። ግን መምህራን በቅጡ አልተማከሩበትም፣ ወላጁም የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንዳይሄድ ሊደረግ ነው ብሎ ሰጋ። የካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፣ መንግሥትም ዕቅዱን ተወው። ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ይኸው ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ከአዲስ አበባ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ተሰቀለ። ቴሌቪዥኑ በፈጣን እንግሊዝኛ ይናገራል፣ መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆማል። የዚያን ዘመን ተማሪ ቢጠይቁት ምን ያህሉን እንደተረዳ ይነግርዎታል።

ባሕር ዳር ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለመሄድ ባጃጅ ስንይዝ «ፔዳ» እንላለን። ስሙ ከየት እንደመጣ ብዙ ሰው አያስበውም። በ1965 ዓ.ም. ግቢው ሲከፈት የፔዳጎጂ አካዳሚ ነበር። ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘሮችን፣ ለመምህራን ማሰልጠኛዎች ደግሞ አሰልጣኞችን ሊያፈራ ነው የተቋቋመው። ማለትም ይህ ከተማ የከፍተኛ ትምህርትን ስም ካገኘባቸው ሁለት ምንጮች አንዱ ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ተብሎ የተሠራ ነው። ሌላው ፖሊ፣ ማለትም ፖሊቴክኒኩ ነው፤ እሱን ወደታች አነሳዋለሁ። በ1992 ዓ.ም. ሁለቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲው ተወለደ።

ዛሬ አንደኛ ክፍል ማን ነው የሚመደበው? ብዙ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ወይም ሌላ ክፍል ላይ ያልተፈለገ መምህር ነው። ዲፕሎማ ይዞ ታችኛው ክፍል የጀመረ ጎበዝ ክረምት ክረምት እየተማረ ዲግሪ ሲይዝ ወደ ላይ ይዛወራል። ማደግ ማለት ከትንንሽ ልጆች መራቅ ሆኗል። ይህ ካልተገለበጠ የቀረው ሁሉ ልፋት ነው። ሚኒስቴሩንም ክልሉንም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰው ደመወዙና ዕድገቱ እዚያው ሆኖ ይሻሻልለት። በየትምህርት ቤቱ ያለው ምርጥ መምህር አንደኛ ክፍል ላይ ይቁም። 3ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው ተሰምቶ፣ ያላነበበው የክረምት ትምህርት ይሰጠው። ለዚህ በጀት የለም ከተባለ ከዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ይቀነስ። በ1983 ዓ.ም. አሥመራን ሳንቆጥር ሁለት ዩኒቨርሲቲ ነበረን፣ አዲስ አበባና ዓለማያ። አሁን ከ40 በላይ ነው። ብዙዎቹ ብቁ ተማሪ አጥተው ሪሜዲያል እያስተማሩ ነው።

ወደ እርስዎ ቤት እንምጣ።

ትልቁ ልጅ ሪሜዲያሉን ይግባ። ግን በአራት ወር 12 ዓመት ይካሳል ብለው አይጠብቁ። ፕሮግራሙ የሚጠቅመው ለ50 ጥቂት ለቀረው ልጅ ነው። ውጤቱ የሚሰላው 30 በመቶ ከተቋሙ፣ 70 በመቶ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ስለሆነ ግቢ ውስጥ ከመምህር ጋር በመግባባት ብቻ አይታለፍም። በየቀኑ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አንብቦ ምን እንደሚል በአማርኛ ለጓደኛው ይንገር። ከሃያ ሞዴል ፈተና የበለጠ ይህ ይረዳዋል። ካላለፈ ዓመት ከዓመት በግል እየተፈተነ ቤት አይቀመጥ። አንድ ጊዜ ይሞክር፣ ካልሆነ ሙያ ይግባ።

ሙያ መግባት ሕይወት ማበላሸት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ የሚያስተምረው እኮ ሙያ ነበር፦ የእርሻ ሜካኒክስ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ ብረታ ብረት፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ እንጨት ሥራ፣ ኤሌክትሪክ። ከዚያ የወጣ ሰው ከተማው ውስጥ የተከበረ ነበር። ክብሩ የጠፋው ቴክኒክና ሙያን የወደቀ ልጅ ማጠራቀሚያ ስናደርገው ነው። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው። ከመመዝገቡ በፊት አብረውት ሄደው ወርክሾፑን ይዩ። ማሽኑ ይሠራል? ልጆቹ በእጃቸው ይነካሉ ወይስ በሰሌዳ ብቻ ይማራሉ? የሚወጣበት ደረጃ ስንት ነው? ካለፈው ዓመት ሠልጣኞች ስንቱ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አለፉ? መልስ ካጡ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

የ7ኛ ክፍሏ ልጅ ገና ጊዜ አላት። ለሁሉም ትምህርት አስጠኚ አይቅጠሩላት። ሁለት ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛው ግድግዳ ፊቷ ይቆማል። ስለዚህ አሁን በየቀኑ 20 ደቂቃ ጮክ ብላ ታንብብ፣ አንድ ቀን አማርኛ፣ አንድ ቀን እንግሊዝኛ። ቤት ውስጥ የሥራ ጫናው እሷ ላይ ብቻ እንዳይሆንም ይመልከቱ። ብዙ ጎበዝ ሴት ልጆች የሚቀሩት እዚህ ዕድሜ ላይ ነው።

ትንሹ ላይ ነው ዋናው ምክሬ። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ያውጡ። «ጩ»፣ «ዞ»፣ «ቄ»፣ «ፋ» ብለው አዘበራርቀው ይጻፉ። ከዚያ «ጨው»፣ «ታንኳ»፣ «ቃሪያ»። በመጨረሻ ከራስዎ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፣ ለምሳሌ «አባቴ ዛሬ ትልቅ አምባዛ ሸጠ»። አንብቦ ምን ዓይነት ዓሣ ነው የተሸጠው፣ ማን ሸጠው ብለው ይጠይቁት። ከመለሰ ጥሩ መንገድ ላይ ነው። ፊደሉ ላይ ከተደናገረ ግን አይቆጡት፣ ከዚያው ይጀምሩ። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። መንገድ ላይ ባጃጅ ላይ የተጻፈውን ጥቅስ ያስነብቡት። እርስዎ ማንበብ ካልቻሉ እህቱ ትስማው፤ እሷም ትለማመዳለች።

የግል ትምህርት ቤትን በተመለከተ፣ ተበድረው አያስገቡት። የግል ሆኖ የሚያስተምር አለ፣ የግል ሆኖ የማያስተምር አለ። አንዳንዶቹ ልጁን ገና በአማርኛ ሳያነብ የእንግሊዝኛ ዘፈን አስይዘው ወላጅ ያስደስታሉ። 3ኛ ክፍል ላይ በሁለቱም ቋንቋ ያልቆመ ልጅ ይሆናል። ገንዘቡ ካለዎትና ማስገባት ከፈለጉ፣ ከመክፈልዎ በፊት ማንኛውንም የ2ኛ ክፍል ልጅ ጠርተው አዲስ ገጽ እንዲያስነብቡልዎ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ይመለሱ። ገንዘብዎ ለአንድ ልጅ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ለትልቁ አስጠኚ ከመክፈል ለትንሹ መጽሐፍ ይግዙበት።

የምክሬ ወሰን የት እንደሆነም ልንገርዎ። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በግጭቱ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መምህርም ተማሪም ሜዳ ላይ ቀርቷል። ከላይ ያልኩት ሁሉ በሩ ክፍት የሆነ ክፍል ይፈልጋል። ባሕር ዳር ውስጥ ልጅዎ እየተማረ ከሆነ ገጠር ያለው የወንድምዎ ልጅ ላይማር ይችላል። ተፈናቅሎ እናንተ ጋር የመጣ ዘመድ ልጅ ካለ ያንኑ የወረቀት ሙከራ ለእሱም ያድርጉለት። ዕድሜው 12 ሆኖ ከፊደል ቢጀምርም አያፍር፣ ትልቅ ልጅ በጥቂት ወራት ይይዘዋል።

በሚቀጥለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ስለ አጥርና ስለ ሽንት ቤት ብዙ ይወራል። ያስፈልጋልም። እርስዎ ግን እጅዎን አውጥተው ርዕሰ መምህሩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ላይ የተመደበው መምህር ማን ነው? ስንት ዓመት አስተምሯል?» ከትምህርት ቤቱ የተሻለው መምህር እሱ ካልሆነ፣ ለምን እንዳልሆነ መልስ እስኪያገኙ አይቀመጡ።